«አያምም» ከማለት ይልቅ፦ ልጆች መርፌ ሲወጉ ሐሳባቸውን ስለ ማስቀየር

ታናሽ ወንድሜ አምስት ዓመት እንደሞላው፣ ኪንደርጋርተን ከመግባቱ በፊት የቀሩትን ክትባቶች እንዲወስድ እናቴ፣ እሱና እኔ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ «እንግሊዝኛዬ ለሱቅ እንጂ ለሐኪም ቤት አይሆንም» ስለምትል፣ እንደ ብዙዎቻችሁ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ነርሷ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየች «ትንሽ እንደ መቆንጠጥ ያደርግሃል፤ ቶሎ ያልፋል» አለችው። ወንድሜ ያኔ ከአማርኛ ሌላ ብዙም አይሰማም ነበርና ወደ እኔ ዞረ። እኔም «ምንም አያምም አለች» አልኩት።

መርፌው ሲገባ ያየው ነርሷን አልነበረም፤ እኔን ነው። ለሁለተኛው መርፌ ሦስት ሰው ያዘው፦ እናቴ እጆቹን፣ እኔ እግሮቹን፣ አንዲት የክሊኒኩ ሠራተኛ ደግሞ ትከሻውን። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የእጅ ሳኒታይዘር በሸተተው ቁጥር ያለቅስ ነበር።

አሁን የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ያን ቀን የሆነው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር «ሌላ ምን ማድረግ እንችል ነበር?» እያልኩ የተማርኩትንና ያነበብኩትን ሰብስቤ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ታናናሾቻችንን፣ የእህት የወንድም ልጆችን፣ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ የራሳችሁን ልጆች ይዛችሁ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ከታች የምጽፈው ለዚያ ቀን እንዲጠቅማችሁ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

መርፌ ያማል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ልጁን ለዓመታት የሚከተለው ያቺ የሁለት ሰከንድ ሕመም ብቻ አይደለችም። በመርፌው ዙሪያ የሆነው ሁሉ አብሮ ይቀመጣል፦ የተነገረው ነገር፣ የያዙት እጆች፣ የእናቱ ፊት። ሕመሙን ከደረሰበት አክብዶ የሚያስታውስ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይፈራል፤ የበለጠ ሲፈራም የበለጠ ያመዋል። መርፌ የሚፈሩ ብዙ አዋቂዎች ፍርሃታቸው የጀመረው በልጅነታቸው ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ፍርሃት ምክንያት ክትባትም የደም ምርመራም ሲሸሽ ይኖራል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሦስት የታወቁ ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው ማስፈራሪያ ነው። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» ያልተባለ ልጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ልጁ ክሊኒክ ከመድረሱ በፊት መርፌ ቅጣት መሆኑን ተምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ «አያምም»፣ «ዛሬ መርፌ የለም»፣ «የምንሄደው ሱቅ ነው»። ሦስተኛው «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «አንቺ ጎበዝ አይደለሽ እንዴ?» የሚለው ነው። ከሕመሙ በላይ ኀፍረት እንጨምርበታለን።

ይህን የምለው ወላጆቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ ሕመሙን ይረሳዋል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። እዚህ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሐኪሞች አዲስ የተወለደ ሕፃን ሕመም በደንብ አይሰማውም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ጊዜ ነበር። ካንዋልጂት አናንድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀዶ ሕክምና ወቅት ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመርላቸው የሰውነታቸው ጭንቀት እንደሚቀንስና የሚገጥማቸው ችግርም እንደሚያንስ አሳየ። የሕፃናት ሕመም በሕክምናው ዓለም ትኩረት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከእኛ ወላጆች የብዙዎቹ ዕድሜ ያህል እንኳ አልሆነውም።

ሐሳብ ሲሄድ ሕመም ለምን ይቀንሳል?

ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ቁስሉን የሚያየው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ፣ የሕመም መልእክት ከቆዳ ተነስቶ አንጎል እስኪደርስ በነርቭ መንገድ ላይ «በር» ያለ ያህል ሊጠብብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። በሩን ከታች የሚያጠብበው ለምሳሌ የተመታውን ቦታ ማሸት ነው። ከላይ ደግሞ አንጎል ራሱ፣ ትኩረቱና ስሜቱ፣ በሩን ሊያጠብበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል። የዝርዝሩ ሳይንስ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዋናው ነጥብ ግን ቆሟል። ሕመም የሚሰማን በቆዳችን ብቻ ሳይሆን በትኩረታችንም ነው። ትኩረት ደግሞ የተወሰነ ነው፤ አንድ ነገር ሲይዘው ለሌላው የሚተርፈው ይቀንሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሥራ ነው። ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በእሳት የተቃጠሉ ታካሚዎች ቁስላቸው ሲታጠብና ሲታሸግ የሚጫወቱት «ስኖ ወርልድ» የተባለ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ጨዋታ ሠሩ። ታካሚው መነጽሩን አድርጎ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየሄደ በበረዶ ሰዎችና በፔንግዊኖች ላይ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ተመራማሪዎቹ በ2000 ባሳተሙት የመጀመሪያ ውጤት፣ ሁለት በእሳት የተቃጠሉ ወጣቶች በሌላ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓለም ውስጥ ሳሉ የተሰማቸው ሕመም በጣም ቀንሶ ታይቷል። በኋላ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ የአንጎል ምርመራ፣ ከሕመም ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ በጨዋታው ጊዜ እንደሚቀንስ ታየ። ልጁ «አላመመኝም» ያለው ለማስደሰት ብሎ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መነጽር የግድ አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ድርጅት በ2018 ባሳተመው ግምገማ፣ ከ5,500 በላይ ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉባቸውን 59 ጥናቶች አንድ ላይ አየ። ሐሳብን ማስቀየር በመርፌ ጊዜ ሕመምንና ጭንቀትን ለመቀነስ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ተራ ነገሮች ናቸው፦ ካርቱን፣ ሙዚቃ፣ መጽሐፍ፣ አሻንጉሊት፣ ወሬ።

እዚሁ አጠገባችን ያለው ቃል ኪዳን

ፕሊማውዝ ለምንኖር ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሆስፒታሎች ያሉት ችልድረንስ ሚኒሶታ በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ሆስፒታሉ ታካሚ ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ስለ ሕመም በጠየቀ ጊዜ፣ ከቀዶ ሕክምናውም ከበሽታውም በላይ ደጋግሞ የተነሳው መርፌ ነበር። በዚያን ጊዜ የሕመም ሕክምና ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ስቴፋን ፍሪድሪክስዶርፍና ባልደረቦቻቸው ከ2013 ጀምሮ በጥቂት ክፍሎች ሞክረው፣ ከዚያ በመላው ሆስፒታልና በክሊኒኮቹ ያዳረሱት አሠራር «ኮምፈርት ፕሮሚስ» ይባላል። «የማጽናኛ ቃል ኪዳን» ልንለው እንችላለን። ሥራውን በ2018 በሕክምና መጽሔት አሳትመውታል።

ቃል ኪዳኑ አራት ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በእያንዳንዱ መርፌ ጊዜ ይቀርባሉ።

1. ቆዳውን ማደንዘዝ። ባለ 4 በመቶ የሊዶኬይን ቅባት መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ይቀባል። እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ቀደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

2. ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጡት ማጥባት ወይም ጥቂት የስኳር ውሃ መስጠት።

3. አያያዝ። ልጁን በጀርባው አስተኝቶ መጫን የለም። ሕፃን ይጠቀለላል ወይም ከእናቱ ገላ ጋር ይታቀፋል፤ ከፍ ያለው ልጅ ቁጭ ብሎ፣ በእናቱ ወይም በአባቱ ጭን ላይ ታቅፎ ይወጋል።

4. ለዕድሜው በሚስማማ ነገር ሐሳቡን ማስቀየር።

ሐሳብ ማስቀየር ብቻውን እንዳልቆመ ልብ በሉ። ቅባቱ ሕመሙን ይቀንሳል፣ እቅፉ ፍርሃቱን ይቀንሳል፣ ጨዋታው ደግሞ የቀረውን ትኩረት ይወስዳል። አራቱንም ማግኘት ባይቻል እንኳ የተገኘውን ማድረግ ይሻላል። ወንድሜ አምስት ዓመቱ በነበረበት ቀን ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅንም፤ እንደሚጠየቅም አናውቅም ነበር።

በትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች «ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት» የሚባሉ ባለሙያዎችም አሉ። ሥራቸው መውጋት ሳይሆን ልጁ ምን እንደሚጠብቀው በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ በአሻንጉሊት ማሳየትና በሂደቱ ጊዜ አብሮት መሆን ነው። በቪየና የተወለደችው መምህርት ኤማ ፕላንክ በ1955 በክሊቭላንድ የሕፃናት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ከጀመሩት መካከል ናት። ልጃችሁ ሆስፒታል ከገባ «ቻይልድ ላይፍ ልታገኙልን ትችላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በየዕድሜው ምን ይሠራል?

ለሕፃን፦ ከመርፌው ትንሽ ቀደም ብሎ ጡት መያዝ፣ መርፌው እየገባም መጥባት። መጠቅለል፣ ማወዛወዝ፣ ዝቅ ያለ ዜማ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ የስኳር ውሃ በማር አይተካም። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አይሰጥም። አያቶች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ እናንተ ግን ጽኑ።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፦ የሳሙና አረፋ፣ ድምፅ የሚያወጣ መጽሐፍ፣ የሚወደው ዘፈን ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር። በዚህ ዕድሜ ማብራሪያ ብዙም አይጠቅምም፤ እቅፍ ይጠቅማል።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት፦ መንፋት። የሳሙና አረፋ ወይም በነፋስ የሚሽከረከር የወረቀት አበባ የሚነፋ ልጅ ሳያውቀው ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፤ ረጅም ትንፋሽ ደግሞ ሰውነትን ያላላል። «እዚህ ሥዕል ውስጥ ድመቷ የት አለች?» የሚል ፍለጋም ጥሩ ነው።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት፦ የስልክ ጨዋታ፣ ቪዲዮ፣ ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር፣ እንቆቅልሽ፣ ወሬ። ምርጫም ስጡት፦ የቱ ክንድ? ማየት ትፈልጋለህ ወይስ ዞር ማለት? ልንቁጠር ወይስ ሳንቆጥር?

ለታዳጊዎች፦ የራሳቸው ሙዚቃና የራሳቸው ስልክ። «ልጅ ነሽ» እንደተባሉ እንዲሰማቸው አታድርጉ፤ ምን እንደሚረዳቸው ጠይቋቸው። ከዚህ በፊት መርፌ ሲወጋ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ወጣት ካለ አስቀድሞ ይናገር፤ ተኝቶ ሊወጋና የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ እየጨበጠ እየለቀቀ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል።

ለሁሉም ዕድሜ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ጨዋታው የሚጀመረው መርፌው ሲወጣ ሳይሆን ልጁ ገና ሳይረበሽ ነው፤ እያለቀሰ ላለ ልጅ አረፋ ማሳየት ብዙ ጊዜ ረፍዷል። መርፌው ካለቀ በኋላም ጨዋታው ወዲያው አይቆምም። ደግሞም አንዳንድ ልጅ መርፌውን ማየት ይፈልጋል። ፊቱን በግድ አታዙሩበት። ለእሱ ማየቱ ራሱ ነገሩን በእጁ ያስገባለታል።

ምን እንበል? ምን አንበል?

ያነበብኩትን ካነበብኩ በኋላ በጣም የገረመኝ ይህ ክፍል ነው። ወላጅ ልጁን ደጋግሞ ማጽናናቱ፣ እንደ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ምንም የለም»፣ ብዙ ጊዜ ከልጁ ጭንቀት መጨመር ጋር አብሮ እንደሚገኝ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። አይዞህ የሚባለው አንድ ነገር ሲመጣ ነው። በእኛ ቤት በተለይ እናት ፊቷ ጠቁሮ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ «አይዞህ የኔ ጌታ» ስትል ልጁ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን እጇን ነው።

«አይዞህ» ከቋንቋችን ይውጣ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ። በ«አያምም» ፋንታ ደግሞ እውነቱን አጠር አድርጎ መናገር፦ «መርፌ አለ። ትንሽ ሊቆነጥጥህ ይችላል፤ አንዳንድ ልጆች ግፊት ብቻ ነው የሚሰማቸው። ሲያልቅ ምን እንደተሰማህ ትነግረኛለህ።» ይህ ልጁን አያታልለውም፤ «ያምሃል!» ብሎም አያስፈራራውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክርም የሚከትበው ሰው የተረጋጋና ገለልተኛ ቃል እንዲጠቀም፣ «አያምም» የሚል አሳሳች ነገርም እንዳይናገር ይላል።

መቼ ይነገረው? ለትንሽ ልጅ በዚያው ቀን ጠዋት ይበቃል፤ ከፍ ላለው አንድ ቀን ቀደም ብሎ። ከሳምንት በፊት ከተነገረው ሳምንቱን ሙሉ ሲፈራ ይሰነብታል። ካለቀ በኋላ ደግሞ «አለቀስክ» ሳይሆን ያደረገውን ጥሩ ነገር አንሱ፦ «ክንድህን ሳታንቀሳቅስ ያዝክ፤ አየሁህ።» ማታ ለአባቱ የሚተርከው ታሪክ ይህኛው ይሁን። ለሚቀጥለው መርፌ ይዞት የሚሄደው ትዝታ እሱ ነውና።

ለእኛ፣ ለአስተርጓሚ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ ወይም ወላጅ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። እኔ ይህን በአሥራ ሰባት ዓመቴ አላወቅኩም። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ያን ጊዜ እናንተ እህት ወይም ወንድም ለመሆን እጃችሁ ነጻ ይሆናል፤ ለልጁ ከዚያ የሚበልጥ የለም።

ከቤታችን የመጣ መሣሪያ

ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ላይ ደም መሰጠት ሳይሆን መመርመር ነበረበት፤ ከክንዱ የሚቀዳ ደም። እኔ ነርሲንግ ጀምሬ ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኩት። «ያማል?» አለኝ። «አዎ፣ ትንሽ ሊቆነጥጥህ ይችላል። ባለፈው አያምም ብዬህ ነበር፤ ልክ አልነበርኩም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ማን ይይዘኛል?» አለ። «ማንም አይጭንህም። እማዬ ጭን ላይ ትቀመጣለህ» አልኩት።

ቀደም ብለን ደውለን ስለነበር ቅባቱ ተቀባለት። እየጠበቅን ሳለ ስልኬን ሰጠሁት፤ አልፈለገም። ታብሌቱን አቀረብኩ፤ ገፋው። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ያኔ አባባ፣ አያታችን ማለቴ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በስልክ የሚያጫውቱት ጨዋታ ትዝ አለኝ፤ እሳቸው አዲስ አበባ፣ እኛ ፕሊማውዝ ሆነን። «ጠይቀኝ» አልኩት።

«እንቆቅልሽ!» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን አውቅልህ!»

«ነጭ ነው፣ ጥጥ አይደለም። ከላይ ይወርዳል፣ ዝናብ አይደለም።» የራሱ ፈጠራ ነው። የሚኒሶታ ልጅ ስለሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ እኔ ግን «ላባ?» አልኩ። «አይደለም!» «ዱቄት?» «አይደለም! ሀገር ስጪኝ!»

ይህን ጨዋታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ መልሱን ያላወቀ ሰው ሀገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ሀገሩን ካልወደደው አይቀበልም። ደም የምትቀዳዋ ባለሙያ የገባችው በዚህ መሀል ነው። «ሴንት ፖልን ሰጠሁህ» አልኩት። «አልፈልግም።» «ሚኒያፖሊስን።» «አልፈልግም፤ ትልቅ ስጪኝ።» ላስቲኩን ክንዱ ላይ አሰረች። «ጎንደርን ከነፋሲል ግንብ።» ትንሽ አሰበ። መርፌው ገባ። ፊቱን ጨምደድ አደረገ፣ የእናቴን ጣት ጨበጠ፣ ከዚያ «ግንቡ ውስጥ መዋኛ አለው?» አለ። አንድ ለብቻው የቆመ የፋሲል መዋኛ እንዳለ ነገርኩት። «እሺ፣ ጎንደር ገባሁ» አለ። ከዚያ በኋላ እንባ መጣ፤ ትንሽ። የወረደው ግን ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

በኋላ ሳስበው ጨዋታው ለምን እንደሠራ ገባኝ። ቪዲዮ ልጁን ተመልካች ያደርገዋል። እንቆቅልሽ ግን ጠያቂ፣ ዳኛና ተደራዳሪ ያደርገዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ የሚደረግ ነበር፤ ጨዋታው ውስጥ ግን አዛዡ እሱ ነው። ለሌላ ልጅ ቪዲዮው ሊበልጥ ይችላል። ለእሱ ግን ይህኛው ነው የሠራው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በየቤታችን ሞልቷል። ሕፃን ሲታዘል የሚዜመው እሹሩሩ ማወዛወዝና ዝቅ ያለ ድምፅ ያጣመረ ነው፤ ሐኪሞች ለሕፃን ከሚመክሩት የተለየ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ አፉም ጆሮውም ሥራ ይዟል። አያት በቪዲዮ ስልክ ተረቱን ጀምራ ከመርፌው በኋላ ብትጨርሰው፣ ልጁ የሚጠብቀው መርፌውን ሳይሆን የተረቱን መጨረሻ ይሆናል።

በሀገር ቤትስ?

በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ልጅ እንደተወለደ የቢሲጂ መርፌ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የፔንታቫለንትና የሳንባ ምች መርፌዎች፣ በ9 እና በ15 ወር ደግሞ የኩፍኝ መርፌ ይሰጣል። ማደንዘዣ ቅባት በየጤና ኬላው ይዳረስ ማለት ከባድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከዋጋውና ከሚፈጀው ጊዜ አንጻር ለብሔራዊ የክትባት ፕሮግራሞች አይመክረውም። የሚመክራቸው አብዛኞቹ ነገሮች ግን ገንዘብ አይጠይቁም፦ እናት ልጇን ታቅፋ እንድትቆይ፣ እያጠባች እንዲከተብ፣ የበለጠ የሚያመው መርፌ በመጨረሻ እንዲሰጥ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሐሳቡ በሌላ ነገር እንዲያዝ። ሀገር ቤት ያለች አራስ እህት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች ዘመድ ካለቻችሁ፣ ይህን መንገር የሁለት ደቂቃ የስልክ ወሬ ነው።

የማይበቃበት ጊዜ

ሐሳብ ማስቀየር መድኃኒት አይተካም። የተሰበረ አጥንት ሲመለስ፣ ከጀርባ አከርካሪ ፈሳሽ ሲወሰድ፣ ትልቅ ቁስል ሲሰፋ ልጁ የሚገባው በቂ ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ነው፤ አረፋ ከዚያ በላይ የሚጨመር እንጂ በዚያ ፋንታ የሚሰጥ አይደለም። ማደንዘዣ ቅባትንም ቢሆን በራሳችሁ ግምት አትቀቡ። በተለይ ለሕፃን መጠኑ ከበዛ ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪሙን ወይም ፋርማሲውን ጠይቁ፤ በተላጠ ቆዳ ላይም አይቀባም። ልጁ ማደንዘዣ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ጾሙን እንዲቆይ የተነገረውን ሰዓት አክብሩ፤ «ትንሽ ነገር ልቅመስለት» አይሠራም።

እጅግ በጣም የሚፈራ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ የሚያስታውክ ወይም የሚሮጥ ልጅ ካለ፣ በጉልበት ማስገባቱ የሚቀጥለውን ጊዜ ያከብደዋል። አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ማዘዋወርና ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይቻላል። ለመርፌ ፍርሃት ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና አለ፤ ይሠራልም።

ወንድሜ ዛሬም መርፌ አይወድም። ባለፈው ክረምት የፍሉ ክትባት ሲወስድ ጭን ላይ መቀመጥ ለሕፃን ነው ብሎ እምቢ አለ። ወንበሩ ላይ ለብቻው ተቀመጠና ነርሷን በእንግሊዝኛ «ያማል?» ብሎ ራሱ ጠየቃት። «ትንሽ» አለችው። ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞሮ «እንቆቅልሽ!» አለ።

በየቤታችሁ ለልጆች የምትጠቀሙበት ጨዋታ፣ እንቆቅልሽ ወይም የማባበያ ዘዴ ካለ ለማኅበሩ ላኩልን። ለክሊኒክ ቀን የሚሆን አንድ ገጽ የአማርኛ ጨዋታ አዘጋጅተን ለታናናሾቻችን ብናካፍል ደስ ይለኛል።